በድርቅ ዘመን የብዙ ሰው የብስክሌት ውድድር እንዴት ይሰናዳል?

መጋቢት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር ማርች 11 ቀን 2018) እሑድ ጧት በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ 35 ሺህ ለሚያህሉ ብስክሌተኞች የተሰናዳው ዓመታዊ ውድድር ተካሄደ። በዚያው ሰሞን የከተማው ነዋሪ እያንዳንዱ በቀን ከ50 ሊትር የበለጠ ውኃ እንዳይጠቀም ታዝዞ ነበር። ለከተማው ውኃ የሚሰጡት ታላላቅ ግድቦችም ከአንድ አራተኛ በታች ወርደው ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች መገናኘት አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ሕዝብ ውኃ በሚለካበት ከተማ ይህን ያህል ሰው ለውድድር መጥራት ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ዝግጅቱ ምን ዓይነት መሆን አለበት? እኛ በዚህ ጽሑፍ በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄ እንመረምራለን። ምክንያቱም ዝግጅቱ በሚገባ ሲመረመር ለፊተኛው ጥያቄ የሚሆነውም መልስ ከዚያው የሚገኝ መስሎ ታይቶናል።

ሀ. ስለ ውድድሩ

ውድድሩ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. (1978) ነው። መነሻው ስፖርት ብቻ አልነበረም። ቢል ሚልሪያና ጆን ስቴግማን የተባሉ ሰዎች ለብስክሌተኞች የተለየ መንገድ እንዲሠራላቸው ለመጠየቅ ሰው ሰብስበው የብስክሌት ሰልፍ አደረጉ፤ ከዚያ ሰልፍ በኋላ ውድድሩ ተወለደ። በመጀመሪያው ዓመት የተሰለፉት 525 ነበሩ። ቊጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ፥ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሰዓት ለየብቻው ከሚመዘገብባቸው የብስክሌት ውድድሮች ሁሉ በዓለም ትልቁ ለመባል በቃ።

መንገዱ 109 ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማው መካከል ተነሥቶ በሳይመንስ ታውን በኩል ወደ ደቡብ ይወርድና የኬፕን ባሕረ ገብ መሬት ይዞራል። ሲመለስ ቻፕማንስ ፒክ በሚባለው የገደል ዳር መንገድ ወደ ሃውት ቤይ ይገባል፤ ከዚያም ሴይከርቦሲ የተባለውን ዳገት ወጥቶ በባሕሩ ዳር ወደ ከተማው ይደርሳል። ፈጣኖቹ ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲጨርሱ የኋለኞቹ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በመንገድ ላይ ይቈያሉ። እንግዲህ ከተወዳዳሪው አብዛኛው ሰው የታወቀ ስፖርተኛ አይደለም፤ የቢሮ ሠራተኛ፥ አስተማሪ፥ ተማሪ፥ ጡረተኛ ነው። የዝግጅቱም ነገር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ስለ ድርቁ

በኬፕ ታውን ዝናብ የሚጥለው ይልቁንም በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በወር ስም ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ግን ሙቀትና ደረቅ ነፋስ የሚበረታበት ነው። ስለዚህ መጋቢት ግድቦቹ ሲጐድሉ የሚከርሙበት የበጋ ማብቂያ ነው። ውድድሩ በደኅናው ዓመት እንኳ የሚውለው ውኃ ወደ ማነሱ በተቃረበበት ወራት ነው ማለት ነው።

ከ2015 እስከ 2017 በኤውሮፓ አቈጣጠር ሦስት ዓመት በተከታታይ ዝናቡ አነሰ። ስድስቱ ታላላቅ ግድቦች ሲሞሉ ወደ 900 ቢሊዮን ሊትር ይይዛሉ፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠውን የሚይዘው ቴቫተርስክሉፍ የተባለው አንዱ ግድብ ነው። ይህ ግድብ አብዛኛው ክፍሉ አሸዋና የተሰነጠቀ ጭቃ ሆኖ ታየ። በ2018 የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናት፥ በሰው ሥራ ምክንያት የመጣው የምድር ሙቀት እንዲህ ያለው የሦስት ዓመት ድርቅ የሚደርስበትን ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ገምቷል።

የከተማው አስተዳደር «የዜሮ ቀን» የሚባል ነገር አስታወቀ። ይኸውም የግድቦቹ ውኃ ወደ 13.5 በመቶ ሲወርድ የመኖሪያ ቤቶች ቧንቧ እንዲዘጋና ሕዝቡ 200 ያህል በሚሆኑ ቦታዎች እየተሰለፈ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር እንዲቀዳ የሚደረግበት ቀን ነው። ይህ ቀን በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በተደረገው ስሌት ለሚያዝያ 4 ተቀጥሮ ነበር። ቈይቶም ወደ ግንቦት 3፥ ወደ ግንቦት 27፥ ወደ ሐምሌ 2 እየተላለፈ ሄደ።

ቀኑ የተላለፈው በዝናብ አልነበረም። ሕዝቡ ፍጆታውን ስለ ቀነሰ፥ ከተማው የቧንቧውን ግፊት ስላሳነሰና የውኃውን ዋጋ ስላወደደ፥ የእርሻው ድርሻም ስለ ተቈረጠ ነው። እንዲያውም በየካቲት ወር የግሩንላንድ ገበሬዎች ማኅበር በራሱ ግድብ ካጠራቀመው 10 ቢሊዮን ሊትር ለከተማው ለቀቀ። በ2015 በጋ በቀን 1.2 ቢሊዮን ሊትር ይጠጋ የነበረው የከተማው ፍጆታ በ2018 መጀመሪያ ወደ 500 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወረደ። የካቲት 28 ቀን፥ ማለት ውድድሩ ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው፥ ክረምቱ እንደ ወትሮው ከዘነበ የዜሮ ቀን በዚያ ዓመት እንደማይደርስ ተነገረ። ብስክሌተኞቹ የተሰናዱት ግን ይህ ከመታወቁ በፊት በነበሩት የጭንቀት ወራት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በከተማው ዳርቻ በቈርቈሮና በሳንቃ ቤት ለሚኖረው ሕዝብ ከጋራ ቧንቧ ተሰልፎ መቅዳት ከድርቁ በፊትም የዕለት ሥራ ነበር። ይህ ሕዝብ ቊጥሩ ብዙ ሲሆን የሚጠቀምበት ውኃ ከከተማው ፍጆታ በመቶ 5 ያህል ብቻ ነበር። የዜሮ ቀን ለባለ መዋኛ ገንዳው አዲስ ፍርሃት ሲሆን ለእነዚህ ግን የቈየ ኑሮ ነበር። በአዲስ አበባ በፈረቃ ውኃ የሚጠብቅና ጀሪካን የሚያሰልፍ ሰው ይህን ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል።

ሐ. የውድድሩ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ብዙ ሰው ስለ ውድድሩ ሲያስብ በዓይኑ የሚታየው በየመንገዱ ዳር የተደረደረው የመጠጥ ውኃ ነው። እኛም አስቀድመን ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ነገር ያሳያል።

አንድ ብስክሌተኛ በመንገድ ላይ በአማካይ 4 ሊትር ጠጣ እንበል፤ ይህ ከፍ ያለ ግምት ነው። 35 ሺህ ሰው 140 ሺህ ሊትር ይጠጣል። ከተማው በቀን 500 ሚሊዮን ሊትር የሚጠቀም ከሆነ፥ የብስክሌተኞቹ መጠጥ በሙሉ ከተማው በ24 ሴኮንድ ከሚጨርሰው ውኃ ጋር እኩል ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር 15 ሺህ እንግዳ መጥቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ ብለን ለምሳሌ ያህል እናስብ። እያንዳንዱ እንደ ነዋሪው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም ድምሩ 2 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ሊትር ይሆናል። በሆቴል እንደ ለመደው በቀን 150 ሊትር ቢያፈስ ግን 6 ሚሊዮን ከ750 ሺህ ይደርሳል። ልዩነቱ 4 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ሊትር ነው። ይህም ብስክሌተኞቹ ሁሉ በመንገድ ላይ ከሚጠጡት 32 እጥፍ ሲሆን ለ90 ሺህ ነዋሪዎች የአንድ ቀን ድርሻ ይበቃል።

የብስክሌቱ እጥበትም እንዲሁ ነው። የጓሮ ጎማ በደቂቃ 15 ሊትር ቢያፈስ በ5 ደቂቃ 75 ሊትር ያልቃል። 35 ሺህ ብስክሌት በዚህ ዓይነት ቢታጠብ ከ2 ሚሊዮን ተኩል ሊትር በላይ ይጠፋል። በእርጥብ ጨርቅና በ2 ሊትር ቢጠረግ ግን 70 ሺህ ሊትር ብቻ ይበቃል።

ከዚህ የምንማረው ግልጥ ነው። በድርቅ ጊዜ ውድድሩን የሚያስነቅፈው የተጠማው ሰው የሚጠጣው አይደለም። ሳይታይ የሚፈሰው ነው፤ ገላ መታጠቢያው፥ ሽንት ቤቱ፥ የልብስና የብስክሌት እጥበቱ ነው። ዝግጅቱም ከዚህ መጀመር አለበት።

መ. የብስክሌተኛው ዝግጅት

አንደኛ፥ የልምምዱ ወራት። ለ109 ኪሎ ሜትር የሚሰናዳ ሰው ቢያንስ ሦስት ወር በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ይለማመዳል። ልምምድ ማለት ላብ ነው፤ ላብም መታጠብን ይጠይቃል። የመታጠቢያው ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ስለሚያፈስ፥ አምስት ደቂቃ ከሥሩ የቆመ ሰው የቀኑን 50 ሊትር በሙሉ ጨርሶ ወጣ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ቢቆም ግን 15 ሊትር ይበቃዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሰውነትን አርጥቦ ቧንቧውን መዝጋት፥ ሳሙና መቀባት፥ ከዚያ ከፍቶ መለቃለቅ።

ከእግር ሥር ሳፋ ወይም ባልዲ ማስቀመጥ ደግሞ የኬፕ ታውን ሰው ሁሉ የተማረው ጥበብ ነው። በሳፋው የተጠራቀመው ውኃ በላብ የራሰውን የብስክሌት ልብስ ያለቀልቃል፤ ከዚያም ያው ውኃ ወደ ሽንት ቤት ይደፋል። አንድ ጊዜ የሚለቀቅ የሽንት ቤት ውኃ 9 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ስለ ሆነ ይህ ቀላል ቊጠባ አይደለም። እንግዲህ አንዱ ውኃ ሦስት ጊዜ አገለገለ ማለት ነው።

ብስክሌቱን በተመለከተ፥ በድርቅ ጊዜ ጠላቱ ጭቃ ሳይሆን አቧራ ነው። አቧራ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ካቴናውንና ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ይበላል። መድኃኒቱ ውኃ አይደለም። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፥ በጥቂቱ ዘይት መቀባትና የተረፈውን ዘይት መልሶ መጥረግ ነው። ዘይት ያበዛ ሰው አቧራ ሰበሰበ ማለት ነው። ፍሬኑና የጎማው ቸርኬ በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወሉ ይበቃል። በጎማ ውኃ እየረጩ ማጠብ በዚያን ጊዜ የተከለከለ ነበር፤ ባይከለከልም ኖሮ በኃይል የሚረጨው ውኃ ግራሶውን ከኩሽኔታው አጥቦ ስለሚያወጣ ለብስክሌቱ አይበጅም።

ሁለተኛ፥ የመጠጡ ነገር። በሙቀት የሚነዳ ሰው እንደ ሰውነቱ ክብደትና እንደ ፍጥነቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያልበዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዘመን የቈየ ምክር ነበር፤ «ሳይጠማችሁ ጠጡ፥ የቻላችሁትን ያህል ጠጡ» የሚል። ይህ ምክር አደገኛ መሆኑን ካሳዩት ሰዎች አንዱ የዚያው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቲሞቲ ኖክስ ነው። በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፥ በረጅም ውድድር ላይ ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች በደማቸው ያለው ጨው ቀጥኖ አእምሮአቸው እንደሚታወክና ለሞትም የሚያሰጋ ሕመም ሊያገኛቸው እንደሚችል አስረዳ።

ስለዚህ የሚበጀው ሲጠማ መጠጣት ነው። ከመካከለኛው ፍጥነት በሚነዳ ሰው ላይ ይህ ለአምስት ሰዓት ከሁለት እስከ አራት ሊትር ሊሆን ይችላል። ሁለት ኮዳ ይዞ የተነሣ ሰው በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሞላ ይደርሳል። እዚህ ላይ የጤናው ሕግና የድርቁ ሕግ አንድ ይሆናሉ። ግማሽ ጠጥቶ የቀረውን በራስ ላይ ማፍሰስ ወይም መጣል ለሁለቱም አይጠቅምም። ነገር ግን ውኃ ልቈጥብ ብሎ ጥሙን የሚያፍን ሰው ደግሞ ተሳስቷል። ከላይ በሒሳብ እንዳየነው ከተማውን የሚጐዳው የእርሱ ጉሮሮ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ነፋስና እሳት። በበጋ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የከተማውን መጥፎ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ ሕዝቡ «የኬፕ ሐኪም» ይለዋል። ለብስክሌተኛ ግን ሐኪም አይደለም። በጐን ሲመታ ቀላል ሰው ከነብስክሌቱ ያነሣል። ስለዚህ ልምምዱ በነፋስም ቀን መደረግ አለበት፤ በቡድን መንዳትን፥ በተራ መሪ መሆንን፥ ሁለት እጅን ከመሪው አለማንሣትን መማር ያስፈልጋል። ድርቁ ቊጥቋጦውን ክብሪት ስለሚያደርገው ደግሞ ነፋሱ እሳትን ይዞ ይመጣል።

ሠ. የአዘጋጆቹ ዝግጅት

አዘጋጆቹ በ2010 ዓ.ም. ያደረጉት ዋና ነገር ለውድድሩ የሚያስፈልገውን ውኃ ከከተማው ቧንቧ ላለመውሰድ መወሰናቸው ነው። በዚህም ነዋሪው «የእኔን ድርሻ ጠጡብኝ» የሚልበት ምክንያት እንዳይኖር አደረጉ። ይህ ተገቢ ነበር። ሆኖም ከላይ ያየነው ሒሳብ እንደሚያሳየን ሥራው በዚህ አያልቅም። ውኃ የማይሻ ሽንት ቤት ማቆም፥ እጅን ያለ ውኃ የሚያጸዳ ፈሳሽ ማቅረብ፥ ከሁሉም በላይ እንግዳውን ከመምጣቱ በፊት «ድርሻህ 50 ሊትር ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከተማውም በዚያ ጊዜ ጐብኚዎችን አትምጡ አላለም፤ ኑ፥ ነገር ግን እንደ ነዋሪው ቈጥቡ አለ።

ሁለተኛው የአዘጋጅ ዝግጅት ማሳጠርን ወይም መተውን መድፈር ነው። በየካቲት 2007 ዓ.ም. (2015) የልሳነ ምድሩ ተራራ በእሳት ስለ ነደደ መንገዱ ከ109 ወደ 47 ኪሎ ሜትር አጠረ። በመጋቢት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. (2017) ደግሞ ነፋሱ ብስክሌተኞችን ከመሬት ስላነሣ ውድድሩ ገና እንደ ተጀመረ ተቋረጠ። በዋዜማው በሃውት ቤይ አጠገብ ኢሚዛሞ ዬቱ በተባለው የድኾች ሰፈር ታላቅ እሳት ተነሥቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ቤት አልባ ሆኖ ነበር። ያን ቀን ውድድሩን ማስቀጠል ለሰውነትም ለኅሊናም የሚመች አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ «ታዲያ በ2010ም ጭራሽ ቢተውትስ ኖሮ?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ውድድሩ ቢቀር ለሆቴል ሠራተኛው፥ ለታክሲ ነጂው፥ ለብስክሌት ጠጋኙ የሚገባው ገቢ ይቀራል፤ ከገቢውም ለበጎ አድራጎት የሚውለው ይቀራል። የሚተርፈው ውኃ ደግሞ፥ እንግዳው በነዋሪው ልክ ከተወሰነ፥ ጥቂት ነው። እንግዳው በልክ ካልተወሰነ ግን ተቃዋሚው እውነት አለው። በእኛ አስተያየት የክርክሩ መፍቻ እዚህ ላይ ነው።

ረ. ማጠቃለያ

ክረምቱ ደረሰና ዝናቡ ጣለ። በዚያው የኤውሮፓ ዓመት በጥቅምት ወር የግድቦቹ ውኃ ከ70 በመቶ በላይ ሆነ፤ የዜሮ ቀንም ሳይደርስ ቀረ። ይህ ግን ዝግጅቱ ከንቱ ነበር አያሰኝም። ቀኑ ያልደረሰው ሰው ሁሉ እንደሚደርስ ሆኖ ስለ ተሰናዳ ነው።

ከዚህ ምርመራ አራት ነገሮችን እናወጣለን። አንደኛ፥ ከመከልከል ወይም ከመፍቀድ በፊት መቊጠር ይገባል፤ ዓይን የሚያየው ውኃና በእርግጥ የሚያልቀው ውኃ አንድ አይደሉምና። ሁለተኛ፥ የእንግዳው ድርሻ ከባለቤቱ ድርሻ ሊበልጥ አይገባም። ሦስተኛ፥ ተወዳዳሪው ሲጠማው ይጠጣ፤ በቤቱ ግን በባልዲ ይታጠብ። አራተኛ፥ ውድድርን የሚያሰናዳ ሰው የሚሰርዝበትንም ምክንያት አስቀድሞ ጽፎ ያስቀምጥ።

ይህ ትምህርት ለኬፕ ታውን ብቻ የሚሆን አይደለም። በእኛም ከተማ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እየተባለ ብዙ ሺህ ሰው በአደባባይ ይሮጣል፤ ብዙ ሰፈርም ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባላል። በኬፕ ታውን ሃምሳው ሎሚ ሃምሳ ሊትር ሆነ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ሲይዝ ከተማው በዓሉን ሳያቋርጥ ድርቁን አለፈ። እንዲህ ያለውን በዓል የሚያሰናዱ ሁሉ፥ ሯጩና ብስክሌተኛው ከመነሻው መሥመር ከመቆማቸው በፊት፥ ጀሪካን ይዛ በሰልፍ የቆመችውን ሴት በሒሳባቸው ውስጥ እንዲያስገቡ እናሳስባለን።